የሚሞቀው ግድግዳ

ባለፈው ወር ጥርስ ሐኪም ቤት ተራዬን ስጠብቅ ከጀርባዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ግድግዳው ላይ ከተገጠመው የመብራት ሳጥን የሚወጣ «እምምም» የሚል፣ ሰው አፉን ዘግቶ የሚያንጎራጉር የሚመስል ድምፅ ነበር። ሌሎቹ ስልካቸውን ይነካካሉ። እኔ ሳላስበው ተነስቼ መዳፌን ሳጥኑ ላይ ለጠፍኩ። ቀዝቃዛ ነው። ነርሷ «እህቴ፣ ምን ፈልገሽ ነው?» ስትለኝ አፍሬ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ጥርሴንም ረሳሁት፤ ጋሽ ሸምሱን ሳስብ ዋልኩ።

ጋሽ ሸምሱ በርበሬ በረንዳ ከአባቴ ወፍጮ ቤት ጎን ዲናሞ ጠምጣሚ ነበሩ። የተቃጠለ የወፍጮ ሞተር ሲመጣላቸው የከሰለውን ሽቦ ጎልጉለው ያወጡና አዲሱን መዳብ ዙር በዙር እየቆጠሩ ይጠመጥሙበታል። ሲቆጥሩ ሰላምታ አይመልሱም። አገር ቢገለበጥ ቁጥራቸውን አያቋርጡም፤ ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል። ሱቃቸው ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይሸታል። የእኛ ቤት ደግሞ በርበሬ ነው፤ እንግዳ መምጣቱን የምናውቀው በማስነጠሱ ነበር። አጭር ሰው ነበሩ፣ ጣቶቻቸው ግን ረጃጅምና ቀጫጭን፣ ለሌላ ሰው ተሠርተው በስህተት ለሳቸው የተሰጡ ይመስሉ ነበር። እኔ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ የሱቃቸው ደፍ ላይ ቁጭ ብዬ እነዚያን ጣቶች ማየት እወድ ነበር።

መብራት በፈረቃ የሚመጣበት ጊዜ ነበር። በአንዱ የጨለማ ቀን ሥራ ፈትተው ሳለ ሚስማር ላይ ቀጭን ሽቦ ጠመጠሙና ጫፎቹን ከባትሪ ድንጋይ ጋር አገናኙ። ጠረጴዛው ላይ የተበተኑት መርፌ ቁልፎች ተነስተው ሚስማሩ ላይ ተንጠለጠሉ። ሽቦውን ሲያላቅቁት ረገፉ። «ኤሌክትሪክ በሽቦ ውስጥ ዝም ብሎ አይሄድም፣ ሀያት» አሉኝ። «በሄደበት ሁሉ ዙሪያውን ማግኔት ያደርጋል።» ከዚያ ሌላ ሽቦ ለሁለት አጥፈው፣ ሂያጁና ተመላሹ ጎን ለጎን እንደሆኑ በሌላ ሚስማር ላይ ጠመጠሙት። አንድም መርፌ አልተነሳም።

«ምነው ጋሼ፣ ሞተ?»

«አልሞተም። ሂያጁ የሠራውን ተመላሹ ያፈርሰዋል። ሁለቱ አብረው ሲሄዱ ብረቱ ማለፋቸውንም አያውቅም።»

እኛ የምንኖረው ከወፍጮው ኋላ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ክፍሏን ከወፍጮው የሚለየው ግድግዳ ከተበለተ የነዳጅ ታንከር የተቆረጠ ወፍራም ላሜራ ነበር። ቆጣሪው በጓሮ በኩል ስለሆነ ሦስቱ ወፋፍራም ሽቦዎች ያንን ብረት በስተው ወደ ወፍጮዎቹ ይገባሉ። ቀድሞ በአንድ ቀዳዳ ታጭቀው ያልፉ ነበር፤ አንድ ቀን የፕላስቲክ ልባሳቸው ተላልጦ ተነካኩና ብልጭ ብሎ አስደነገጠን። አባባ ሰው አላማከረም። ሦስት ቀዳዳ፣ አንዱን ከሌላው ክንድ አራርቆ፣ በገዛ እጁ በሳ። ለመጣ ሰው ሁሉ ያሳይ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ላሜራው መሞቅ ጀመረ። እናቴ ደስ አላት። የመርካቶ የሐምሌ ብርድ አጥንት ይገባል፤ ስለዚህ የሁለት ዓመቷን እህቴን የራውዳን ስፖንጅ ፍራሽ ከብረቱ ጋር አስጠጋችላት፣ እርጥብ ልብስም ታሰጣበት ገባች። እኔም ጀርባዬን ሰጥቼው እተኛ ነበር። ወፍጮዎቹ ሲሠሩ ብረቱ በቀስታ «እምምም» ይላል፤ ራውዳ በዚያ ድምፅ እንቅልፍ ይወስዳት ነበር።

ጋሽ ሸምሱ ድምፁን የሰሙት ከሱቃቸው ሆነው ነው። መጥተው መዳፋቸውን ብረቱ ላይ አሳረፉና ፊታቸው ተለወጠ።

«ነስሩ፣ ይኼን ነገር ዛሬውኑ አስተካክለው።»

«ጋሽ ሸምሱ፣ እሳት የሚመጣው ሽቦ ሲነካካ ነው» አለ አባባ። «እኔ አራርቄያቸዋለሁ። ሌላ ምን ላድርግ?»

«ማራራቅህ እኮ ነው ጥፋቱ። ደህና ልባስ አልብሰህ ሦስቱን በአንድ ሰፊ ቀዳዳ ብታሳልፋቸው አንዱ የወሰደውን ሌላው እየመለሰ ብረቱን አይነኩትም። ለየብቻ ሲያልፉ ግን እያንዳንዱ ብረቱን ማግኔት ያደርገዋል። በሰከንድ ስንቴ ወዲያና ወዲህ ይገለባብጠዋል፤ የሚጮኸውም የሚሞቀውም ለዚህ ነው።»

«ይሙቃ። ክረምት አይደል?» አባባ ሳቀ። እናቴም ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ይህን መቼም አልረሳውም። ጋሽ ሸምሱ አልሳቁም። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ወደ ቤታቸው ከመሄዳቸው በፊት ጎራ ብለው ብረቱን ይዳስሱና «ከትናንት ብሷል» ብለው ይወጣሉ። አባባ ነገሩ ሰለቸው። ለጎረቤቱ ብረት በያጅም ከዚያው መስመር መብራት እንዲስብ ፈቀደለት።

በጳጉሜ፣ ለዘመን መለወጫ የሚያስፈጭ ሰው ተሰልፎ ሳለ፣ መብራት ግማሽ ቀን ጠፍቶ ከምሳ በኋላ መጣ። ሦስቱም ወፍጮዎች ተነሱ፤ በያጁም ሥራውን ቀጠለ። እናቴ ቂቤ ልትገዛ ስትወጣ «እህትሽን እያት» ብላኛለች። ራውዳ ፍራሿ ላይ ተኝታለች። ውጭ በረዶ ይጥል ጀመር፤ እኔ በረዶ ልለቅም ወጣሁ። የብረቱ ድምፅ እየበረታ፣ እየጮኸ ሲሄድ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ሰምቼም በረዶዬን መልቀሜን ቀጠልኩ።

ጋሽ ሸምሱ እየቆጠሩ ነበር። ቆጠራ አቋርጠው ሲነሱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። የመዳቡ ሽቦ ጣታቸው ላይ እንደተጠመጠመ፣ ጥቅሉን መሬት ለመሬት እየጎተቱ በአጠገቤ ሮጠው አለፉ። ተከትያቸው ስገባ ክፍሉ ጭስ ነበር። የሽቦዎቹ ልባስ ቀዳዳዎቹ ላይ ቀልጦ እየነደደ ፍራሹ ላይ ይንጠባጠባል። ራውዳን አንስተው ወደ እኔ ወረወሯት። ፍራሹ ከእናቴ አልጋ ጋር ሊያያዝ ሲል በሁለት እጃቸው ጨብጠው ወደ ጓሮ ጎተቱት። የሚነድ ስፖንጅ ይቀልጣል፣ የነካውንም አይለቅም። አባባ ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ ሲያጠፋው ወፍጮዎቹ ቀስ እያሉ ቆሙ፤ ከዚያ የጋሽ ሸምሱ ጩኸት ተሰማ።

ራውዳ ፀጉሯ ጫፍ ጫፉን ተለብልቦ ነበር እንጂ ምንም አልሆነችም። የሳቸው ጣቶች ግን ድነውም እርስ በርስ እንደተያያዙ ቀሩ። መዳብ መጠምጠም አበቃ። ከሆስፒታል ሲወጡ አባባ በላሜራው ላይ አንድ ሰፊ ቀዳዳ በስቶ ሽቦዎቹን አንድ ላይ አሳልፎ ነበር። መጥተው እንዲያዩለት ጠየቃቸው። እጃቸው መዳሰስ ስለማይችል ጉንጫቸውን ብረቱ ላይ አስጠጉ። «ቀዝቅዟል» አሉ። «ብዬህ ነበር» የሚለውን ያን ዕለትም ሆነ ከዚያ በኋላ አላሉትም። የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህንን ለራውዳ ማንም እንዳይነግራት።

«ልጅ የሰው እጅ ዕዳ አለብኝ እያለች አትደግ» አሉ።

አባባ ይቅርታ ሲል ሰምቼው አላውቅም፤ ለሳቸውም አላለም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ የሚበሉት እኛ ቤት ሆነ። በቀኙ ያስቀምጣቸዋል፤ እጁን ታጥቦ ይጠቀልልና ያጎርሳቸዋል። መጀመሪያ ለሳቸው፣ ከዚያ ለራሱ። ስለ በርበሬ ዋጋ፣ ስለ መብራት ፈረቃ ያወራሉ። ስድስት ዓመት እንዲህ ሆነ። ሰው ሲያያቸው ይስቅ ነበር፤ አባባ ግድ አልነበረውም።

ጋሽ ሸምሱ የሞቱት በበጋ ነው። ቀብራቸው በተፈጸመ በሳምንቱ ምሳ ቀረበ። አባባ እጁን ታጠበ፣ የመጀመሪያውን ጠቀለለ፣ ወደ ቀኙ ዘረጋው። እጁ እዚያው ቀረ። እናቴ አቀረቀረች።

ስምንት ዓመት የሆናት ራውዳ ለሷ የተዘረጋ መስሏት ተጠግታ አፏን ከፈተች። አባባ አየት አድርጓት አጎረሳት። ከዚያ ሌላ ጠቀለለላት።