ሞተሩን ያለበስነው ማዳበሪያ

ሱሉልታ ውስጥ ስሜን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ሌላው ሁሉ «ኮርማ» ነው የሚለኝ። ሥራዬ ላም ማዳቀል ነው፤ የምርጥ ኮርማ ዘር በፈሳሽ ናይትሮጂን በቀዘቀዘ ዕቃ ይዤ፣ በመሥሪያ ቤቱ አገር አቋራጭ ሞተር ሳይክል ከገበሬ ግቢ ወደ ገበሬ ግቢ እዞራለሁ። ሴት መሆኔ ቅጽል ስሙን ላወጡልኝ ሰዎች ምንም አልከበዳቸውም። መጀመሪያ ሰሞን ደሜ ይፈላ ነበር። አንድ ጠዋት የሚኒባስ ረዳት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ኮርማ! ዛሬ ደግሞ የማን ሠርግ ነው?» ሲለኝ፣ «ላም ካለህ ወረፋ ያዝ!» አልኩት። ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲያ ስሙን እንደ ማዕረግ ተቀበልኩት።

በዚህ ሥራ ቀጠሮ የምትሰጠው ላሟ ናት። ኮርማ ስትፈልግ ትጮሃለች፣ ሌሎቹ ላይ ትወጣለች፣ መኖ አይዋጥላትም፤ ይህ ሁሉ ግን ከአንድ ቀን እምብዛም አይዘልም። ካለፈ አለፈ ነው፤ ሦስት ሳምንት መጠበቅ ግድ ይሆናል። ስለዚህ ስልኬ ሲጮህ ምሳም ቢሆን ለቅሶም ቢሆን ጥዬ እነሳለሁ።

ከደንበኞቼ ሁሉ አንጀቴን የበሉት ከዳገቱ ማዶ የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቤታቸው የቆመው በአንዲት ጥቁርና ነጭ ላም ወተት ነው። እኔ በኦሮምኛ አክብሬ «አደ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። አገሩ ሁሉ ኮርማ ሲለኝ እሳቸው አንድም ቀን ብለውኝ አያውቁም፤ ነውር ነው ይላሉ። ላሟ ወተቷ እየነጠፈ ነበር፤ ካልወለደች ደግሞ ወተት የለም። የሰፈሩ ኮርማ ይሞክራት እንዳይባል የገዛ ልጇ ነው። ተስፋቸው እኔና ሞተሬ ነበርን።

መጀመሪያ ላሟን ልመረምር የሄድኩ ዕለት ጠዋቱ ውርጭ ነበር። ከሞተሩ ስወርድ ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኝ ስንገዳገድ አዩኝ። ቤት ገብተው ንጹሕ የማዳበሪያ ከረጢት ይዘው ወጡ፤ ጎኑን ቀደው ዘረጉትና ከመሪው ሥር እስከ እግር መርገጫው ድረስ በቃጫ ገመድ ጠፍረው አሰሩልኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ የሱሉልታ ብርድ ጉልበት ይበላል። በስተርጅና ማን ይደግፍሻል?» አሉኝ።

እዚህ አገር ሞተር የሚነዳ ሁሉ ፊቱ ላይ አንድ ነገር ያስራል፤ አንዱ ካርቶን፣ አንዱ ላስቲክ። የኔ ግን ከሁሉ ያምር ነበር። ነፋሱ ማዳበሪያውን ሲደበድበው እሰማለሁ፣ እግሬን ግን አይነካኝም። እንደ ተወደደ ልጅ ተሸፋፍኜ መሄዴ ደስ ይለኝ ነበር።

ችግሩ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የአደ ዳገት ድንጋይና ጭቃ ነው፤ በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቁ ነው የሚወጡት። ግማሽ ላይ ስደርስ ሞተሩ ይግላል፤ የተቃጠለ ዘይት ይሸተኛል፣ ከውስጡ ቅጭቅጭ የሚል ድምፅ ይመጣል፣ ከዚያ ጉልበት አጥቶ ይጠፋል። ሁለት ጊዜ ተጠርቼ ሁለት ጊዜ እዚያው ዳገት ላይ ቀረሁ። በሁለተኛው ዘግይቼ ስደርስ ላሟ ሁሉ ነገር አልፏት በሰላም ሣሯን ታመነዥካለች። አደ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«አሁንም ካልሆነ ለሉካንዳ ትሄዳለች። ሳትታለብ መኖ የምትበላ ላም ማኖር አልችልም» አሉ፤ ይህን ሲሉ ላሟን አላዩዋትም።

ቤተሰቤ ሰበታ ስለሆነ፣ የማምነው መካኒክም ያለው ከዚያው ከዓለም ገና መንገድ ዳር ነው። አዲስ አበባ መሃል በሞተር መግባት ጣጣው ብዙ ነውና ዙሪያውን በቡራዩ በኩል እሄዳለሁ። ታዲያ ቡራዩ ስደርስ ሁልጊዜ ቆም ብዬ ማዳበሪያውን እፈታና አጣጥፌ ከኋላ አስረዋለሁ። የሰበታ ሰው በማዳበሪያ ተጠቅልዬ እንዲያየኝ አልፈልግማ! ያደግሁበት ከተማ ነው፤ አብረውኝ የተማሩ ልጆች መንገድ ዳር ቆመዋል።

መካኒኩ ዘይት ቀየረ፣ ካንዴላ ፈታ፣ ካርቡሬተሩን አጠበ፣ ፍሪሲዮኑን አየ። ራሱ ነድቶ እዚያው አካባቢ ያለ ዳገት ወጥቶ ተመለሰ። ሞተሩ ምንም አልሆነም። በሌላ ጊዜ መለስኩለት፤ አሁንም ምንም።

«እህቴ፣ ሞተሩ ከኔም ከአንቺም ይልቅ ጤነኛ ነው። ጸበል የሚያስፈልገው ለነጂዋ ነው» አለኝ።

«አንተን ነበር ዳገቱ ላይ ትቼህ መምጣት!» ብዬው ተመለስኩ፤ ቡራዩን ሳልፍ ብርዱ መጣና ማዳበሪያዬን መልሼ አሰርኩ።

ለሦስተኛ ጊዜ አደ የደወሉት በማለዳ ነው። «ከማታ ጀምሮ ስትጮህ አደረች። ቶሎ ነይ» አሉኝ። ጊዜው ከግማሽ በላይ አልፏል ማለት ነው። ዕቃዬን ጭኜ በረርኩ። ዳገቱ ሥር ስደርስ የሞተሩን ታንክ መታ መታ አድርጌ «ዛሬ ብቻ» ብዬ ለመንኩት። ግማሽ ላይ ያ የዘይት ሽታ መጣ። ቅጭቅጩ ተከተለ። ከዚያ ጸጥ አለ።

ወርጄ ጎማውን በእርግጫ አልኩት። እግሬን አመመኝ፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። ስልኬ ጠራ። «አሁንም ትጮሃለች፤ ግን ድምፅዋ እየቀነሰ ነው» አሉ አደ። «መጣሁ፣ አይዞዎት» አልኩና ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ከኋላዬ የተጫነው ዕቃ ውስጥ ያለው ነገር እጅ የሚያቃጥል ብርድ፣ ከፊቱ ያለው ሞተር እሳት፤ እኔ መሃላቸው ቆሜ እነፋረቃለሁ። ውኃ ልደፋበትም አሰብኩ። ግን የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ደፍቶ ሞተሩን የሰነጠቀ ሰው አውቃለሁና እጄን ሰበሰብኩ።

በዚህ መሃል ሯጮች መጡ። ሱሉልታ ጠዋት ጠዋት ሯጭ አይጠፋም። ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ፊት የነበረችው ልጅ ሩጫዋን ሳታቆም ቱታ ጃኬቷን አወለቀችና ወገቧ ላይ አሰረች። ሌሎቹም አወለቁ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ እነሱ ግን ክንዳቸውን ገልጠው፣ ከጀርባቸው እንፋሎት እየወጣ፣ አጠገቤ አልፈው ወጡ። «አይዞሽ ኮርማ!» አለችኝ ልጅቷ።

እሷን ሳይ ቆየሁና ዞሬ ሞተሩን አየሁት። እስከ አንገቱ ተጀቡኖ ቆሟል። እጄን ከማዳበሪያው ፊት ለፊት ዘረጋሁ፤ ነፋሱ ጣቶቼን ያደነዝዛል። ከማዳበሪያው ጀርባ፣ ሞተሩ አጠገብ ዘረጋሁ፤ አንዲት ትንፋሽ ነፋስ የለም። ይህ ሞተር ውኃ የለውም፤ የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ብርድ እንዳይመታን ብለን ትንፋሹን አፍነነዋል። መካኒኩ ጋ ስሄድ ማዳበሪያውን ስለምፈታው እሱ በሽታውን አይቶት አያውቅም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚሉት ለካ ለኔ ነው!

ገመዱን በጥርሴ ፈታሁት። ሞተሩን እየገፋሁ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዞርኩት። በዙሪያው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ በተደረደሩት ብረቶች መሃል የደረቀ ጭቃ ተጠቅጥቋል፤ በእንጨት ስንጥር አንድ በአንድ ፈለቀቅሁት። ከዚያ የቀረው ከሁሉ የከበደው ነበር፤ መጠበቅ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እያልኩ፣ ዳገቱን ወደ ላይ ወደ ታች እየተመላለስኩ፣ ብረቱ እጅ እስኪያስጠጋ ጠበቅሁ።

አስነሣሁት። በአንደኛ ማርሽ ከመንፏቀቅ ይልቅ መንደርደሪያ ወስጄ በሁለተኛ ለቀቅሁት። ድንጋዩ ያነጥረኛል፣ ነፋሱ እግሬን በምላጭ ይፍቀዋል፣ ሞተሩ ግን ይዘፍናል! ያ ሁሌ የሚሞትበት ቦታ ደረሰ፤ አለፍነው። ብቻዬን እልል አልኩ። ጫፉ ላይ ሯጮቹን ስደርስባቸው ክላክሴን አምባረቅሁት፤ እነሱም አጨበጨቡልኝ። በሕይወቴ ተመርቄያለሁ፣ ተሸልሜያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ኮርቼ አላውቅም።

አደ በር ላይ ቆመዋል። ላሟ ጀርባዋን ስጫናት ጸጥ ብላ ቆመች፤ ጊዜዋ አላለፈም ማለት ነው። እጄ በብርድ ስለደነዘዘ አደ ሙቅ ውኃ አመጡልኝና ነከርኩት፤ ከዚያ ሥራዬን ሠራሁ። ስጨርስ የሞተሩን ባዶ ፊት አዩ።

«ማዳበሪያሽስ? ነፋስ ወሰደው?»

እውነቱን ነገርኳቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «እኔ ነኛ ላሜን ላሳርድ የነበርኩት!» አሉ።

«እርስዎማ ጉልበቴን ነው ያዳኑልኝ። ሞተሩን ማፈኑን ያላየሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ማዳበሪያውን መለስኩላቸው። እሳቸው ግን እስክወጣ ድረስ እግሬን በሐዘን ሲያዩ ነበር።

ጊዜው ደርሶ ስመረምራት አርግዛ ነበር። «ያዘች!» ብዬ ስጮህ አደ መሬቱን ሳሙ። ሉካንዳ የሚባል ነገር ከዚያ በኋላ በዚያ ግቢ አልተነሣም። እኔም ሁለት ሱሪ ደርቤ፣ ሞተሬን ራቁቱን እየነዳሁ፣ ያንን ዳገት ስንት ጊዜ ወጣሁት።

የወለደች ለት ጠዋቱ እንደ መጀመሪያው ቀን ውርጭ ነበር። ገና ከሞተሩ ሳልወርድ አደ ከበረት ብቅ አሉ። ነውር ነው ይሉ የነበሩት ሴትዮ፣ ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ፣ «ኮርማ! ነይ ልጅሽን እይ!» ብለው ጮሁ።

ሴት ጥጃ ናት፤ ጥቁርና ነጭ። በቀጫጭን እግሮቿ እየተንቀጠቀጠች እናቷን ትጠባለች። ከትከሻዋ እስከ ጭራዋ ድረስ ያ ማዳበሪያ ተደርቦላት፣ በዚያው በቃጫው ገመድ ሆዷ ሥር ታስሯል። ተንበረከክሁና እጄን በማዳበሪያው ሥር ሰደድሁ። ሞቋታል።