በእናቴ የሕይወት ታሪክ ውስጥ ያልጻፍኩት ሥራ

እናታችን ግማሽ ጎኗ ከድቷት የአልጋ ቁራኛ የሆነች ጊዜ ልጆቿ ደብረ ታቦር እኔ ቤት ተሰብስበን መከርን። እኔ የቢሮ ሰው ነኝ፤ እህቴ አስተማሪ ናት፤ ወንድሜ እብናት ላይ እህል ይነግዳል። ታናሻችን ገና አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች። «እስቲ እሷ ትምህርቷን ታቁምና እናታችን ዘንድ ትቆይ» ያልኩት እኔ ነኝ። የተቃወመኝ የለም፤ እሷንም የጠየቃት የለም።

ስድስት ዓመት ቆየች። የእናቴ ጀርባ እንዳይቆስል ቀን ከሌት ታገላብጣታለች፤ አጥሚት በማንኪያ ትግታታለች፤ አንሶላዋን ወንዝ ወርዳ ታጥባለች። የእናቴ አንደበት ተሳስሮ ስለነበር የምትለው የሚገባት ለእሷ ብቻ ነበር። እኔ በወር አንዴ ብርቱካን አንጠልጥዬ ስደርስ ጎረቤቱ «ጧሪ ልጅ እንዲህ ነው!» እያለ ይመርቀኛል። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

እናቴ ስታርፍ፣ በቀብሯ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የምጽፈው እኔ ሆንኩ፤ የቢሮ ሰው እሱ ነው ተብዬ። የልጆቿን ሥራ አንድ በአንድ ደረደርኩ። ታናሻችን ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። ሥራዋን ምን ልበል? ቢሮ የሌለውን፣ ፊርማ የሌለውን ሥራ፣ ሥራ ብሎ መጥራት ማንም አላስተማረኝም። «እንዲሁም አንዲት ሴት ልጅ» ብዬ አለፍኳት። ቀጥዬም፣ ሳላፍር፣ «በልጆቿ ሁሉ እንክብካቤ ስትረዳ ቆይታ» ብዬ ጻፍኩ።

ቄሱ እንደ ጻፍኩት አነበቡት። ከኋላዬ አንዲት ባልቴት «ኧረ ያቺ ያስታመመቻትስ ልጅ?» ሲሉ ሰማሁ። አንገቴን ደፋሁ። በእናቴ ሞት ካለቀስኩት ይልቅ በራሴ የተቃጠልኩት ይበልጣል።

ለቀስተኛው ሲበተን ታናሽ እህቴ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ዐይኗ አብጧል፤ እጇ ከማጠብ ብዛት ተላልጧል።

«ጋሼ፣ ታሪኳ ሲነበብ ከሴቶቹ ጋር ሳለቅስ ምንም አልሰማሁም» አለችኝ። «እንዳስታመምኳት ተነበበ?»

ቄሱ የመለሱልኝ ወረቀት ኮት ኪሴ ውስጥ ነበር።

«ተነበበ» አልኳት።

«እግዜር ይስጥህ» ብላ ጎንበስ አለችና ጉልበቴን ሳመችው።