ለወንድሜ ያልኩት እሺ

በእሪ በከንቱ ቁልቁል ሲወርዱ ከመተላለፊያችን በስተግራ ያለው ሰፈር ፈረሰ፤ በስተቀኝ ያለው ቀረ። የእኔ ቤት በስተቀኝ ነው። የወዳጄ ቤት በስተግራ ነበር። በመካከላችን የነበረችው መንገድ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አታሳልፍም፤ እሱ ጠዋት ሲያስነጥስ እኔ ከአልጋዬ ሳልነሳ «ይማርህ» እለው ነበር።

ዛሬ በሬን ስከፍት የሚታየኝ ሣርና የመብራት ምሰሶ ነው። ሣሩ ያምራል፤ የሠሩት ሰዎች እጃቸው ይባረክ። እኔ ግን ሣሩን ባየሁ ቁጥር ወዳጄን እንዴት እንዳጣሁት ይመጣብኛል፤ ስለዚያ ነው የምጽፈው። ብዙ አልተማርኩም። ዳዊት ደግሜ ነው ያቆምኩት፤ የቀረውን ፒያሳ ነች ያስተማረችኝ። አጻጻፌ ቢንሻፈፍ አንባቢ ይታገሠኝ።

ሥራዬ ቁልፍ መቅረጽ ነበር። ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣ ከአንድ ደረጃ ሥር፣ ብረት መንከሻ ሞርሳዬን ጣውላ ላይ አስሬ አርባ ዓመት ያህል ሞረድ ገፋሁ። ቁልፍ የሚያስቀርጽ ሰው ቤቱን ነው የሚሰጥህ። አንድ ትርፍ ቀርጸህ ብታስቀር ማን ያያል? የሚያይ አለ ብዬ ነው የኖርኩት። ሰውም ይህን አወቀልኝ። «እሱ ጋ ውሰደው፤ እሱ የሚፈራው አለው» ይሉ ነበር። ይህን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ከልክ በላይ ደስ ይለኝ ነበር።

ወዳጄ ጸጉር አስተካካይ ነው። አንድ ወንበር፣ አንድ መስታወት፣ ከመቀሱ የሚፈጥን ምላስ። እኔን «ፋራው» ነበር የሚለኝ፤ እኔም «አቤት» እላለሁ። በየወሩ በሃያ ሰባት የመድኃኔዓለምን ጽዋ አብረን እንጠጣለን። ጽዋ አብረው የሚጠጡ ሰዎች ደግሞ ከእናት ልጅ አይተናነሱም። የበኩር ልጁን ክርስትና ያነሳሁትም እኔ ነኝ።

ሰፈሩ ሊነሳ ነው ተባለና ምዝገባ ተጀመረ። በቀበሌ ቤት የሚኖር ቤተሰብ ሁሉ ምትክ ቤት ይሰጠዋል። ወዳጄ በሁለት ክፍል ውስጥ ከሚስቱ፣ ከሴት ልጁና ከእሷ ልጆች ጋር ይኖራል። የበኩር ልጁ ግን ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ኮልፌ ተከራይቶ ከወጣ ቆይቷል። የአባትን ልብ አውቀዋለሁ፤ ለዚህኛውም አንድ ጣሪያ ቢያገኝለት ብሎ ተጨነቀ።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ከደረጃዬ ሥር መጣ።

«ፋራው፣ አሮጌ ቁልፍ አለህ?»

«ለምንህ?»

«ለዕቃ ቤቱ በር። አዲስ እንዳይሆን። ዓመት የቆጠረ ይሁን።»

«ሽማግሌ ቁልፍ ነው የምትለኝ?»

«አዎ፣ እንዳንተ ጥርሱ የረገፈ።»

ከቆርቆሮዬ ውስጥ ከአንድ የድሮ ቤት በር የነቀልኩትን አወጣሁና ሄድኩ። ዕቃ ቤቱ ከጓሮ ነው፤ ከሰልና የተሰበረ ወንበር የሚቀመጥበት። ወዳጄ አጽድቶ፣ በጭቃ ለስኖ፣ ወደ መተላለፊያው በር አውጥቶለታል። ቁልፉን ሳስገባ ብሎኑን እንኳ አዲስ አላደረግሁም። የዛገ መረጥኩ። ለምን እንደሆነ ሳይነግረኝ በፊት ገብቶኝ ነበር ማለት ነው።

በሩን ይዞልኝ ቆሞ እቅዱን ነገረኝ። ልጁ እዚያ ዕቃ ቤት ውስጥ ራሱን ችሎ አሥር ዓመት ኖሯል ይባላል። ሦስት የሰፈር ሽማግሌዎች ይመሰክራሉ። ሁለቱ እሺ ብለዋል።

«ሦስተኛው አንተ ነህ» አለኝ። «አሥር ዓመት በልና ዝም በል። አንተ ማውራት ስትጀምር ታበዛለህ።»

እምቢ ማለት የነበረብኝ እዚያ ላይ ነው። ማንም አልነበረም፤ እሱና እኔ፣ በመካከላችን አንድ በር። ግን ሚስቱ ቆሎ በሣህን ይዛልኝ መጣች፤ «እግዜር ይስጥልን፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር» አለች። ይሉኝታ ያዘኝ። የወዳጄን ፊት እያየሁ እሱን ማሳዘን አቃተኝ።

«እሺ» አልኩ።

እሺ ስል እንደማላደርገው አውቄ ነው። በሐሰት አልመሰክርም፤ ይህ በልቤ የተቆረጠ ነው። ቀኑ ሲደርስ ያመኛል እላለሁ፣ ወይም እግዚአብሔር አንድ መላ ያመጣል አልኩ። ፈርቼ እንጂ አምኜ አልነበረም። ፍርሃቴን ነው በእግዚአብሔር መታመን ብዬ የጠራሁት።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ነበረኝ። በየቀኑ እንገናኛለን፤ ጠዋት ሲያስነጥስ «ይማርህ» እላለሁ። ኪዳን እየሄድኩ «ጌታ ሆይ፣ ከዚህ ነገር አውጣኝ» እያልኩ እጸልይ ነበር። ከቤቴ እስከ ቤቱ ሦስት እርምጃ ነው። ያቺን ሦስት እርምጃ ግን አልሄድኳትም።

ቀኑ ደረሰ። ሁለቱ ምስክሮች ከእኔ ቀድመው ምዝገባ ቢሮው ገቡ፤ አሥር ዓመት ብለው ፈርመው ወጡ። አልፈርድባቸውም። ሁለቱም ለሰው የሚያዝኑ ሰዎች ናቸው። የእኔ ተራ ሲሆን ወዳጄ ከኋላዬ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። መዝጋቢዋ ወጣት ናት። ቀና ብላ አየችኝና ፈገግ አለች።

«አባባ፣ ቁልፍ ሠሪው አይደሉ? የእናቴ ቁም ሣጥን ቁልፍ ጠፍቶባት እርስዎ ነበሩ የከፈቱላት። ወርቋን እስክትቆጥር ፊትዎን ወደ ግድግዳ አዙረው ቆሙ ብላ እስከ ዛሬ ታወራዋለች።»

«ሊሆን ይችላል፣ ልጄ።»

«እንግዲህ እርስዎ ካሉን ጨረስን። ልጁ እዚያ ቤት ስንት ዓመት ኖረ?»

ያመኛል ልል የነበረው ጠፋኝ። ረሳሁ ልል የነበረውም ጠፋኝ።

«አልኖረም፣ ልጄ» አልኩ። «በሩ ላይ ቁልፉን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሦስት ሳምንቱ ነው።»

እስክሪብቶዋን አቆመች። «እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ከኋላዬ አግዳሚው ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ውጭ ስንወጣ ወዳጄ አልጮኸም። ኮፍያውን አደረገና «ይኸን ሁሉ ዓመት የሰው በር ስትከፍት እንጂ ስትዘጋ አይቼህ አላውቅም ነበር» አለኝ። ከዚያ ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ በኩል ሄደ፤ ቤቱ በዚያ በኩል አልነበረም።

እውነቴን ልናገርና፣ ያን ቀን ቀለል ብሎኝ ነው የገባሁት። በቤተ ክርስቲያኑ በር ሳልፍ ቆሜ «ተመስገን፣ ከውሸት አወጣኸኝ» አልኩ። ስለ እውነት መከራ የተቀበለ ሰው ነኝ ብዬ አስቤ ነበር። ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ሆኗል።

የልጁ ነገር በዚያው ቀረ። የከፋው ሌላው ነው፤ በአንድ ፋይል ስለተያዙ የአባትየውም «ይጣራ» ተብሎ ተቀመጠ። ጎረቤቶቹ ዕጣ አውጥተው ቁልፍ ተቀብለው ሲሄዱ የእሱ ገና ይጣራል። መፍረሻው ቀን ግን አልጠበቀም። ዕቃቸውን በአንድ አይሱዙ ጭነው ከከተማው ዳር ተከራይተው ገቡ። ልረዳ ወጥቼ አንድ ወንበር አነሳሁ፤ የጸጉር ቤቱን ወንበር። ሚስቱ ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደችው። «ተወው፣ ይከብድሃል» አለች። ሌላ ክፉ ቃል አልወጣትም።

ከዚያ በሃያ ሰባት ጽዋ ነበረ። በእኛ ማኅበር ደንብ የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ጽዋውን አይቀምስም፤ የተጣላውን ለይተው አስታርቀው ነው የሚቀጥሉት። አይመጣም ብዬ ነበር። መጣ፤ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። ጽዋው እየዞረ እሱ ጋ ሲደርስ በእጁ ጋረደና «ጨጓራዬ ተነስቶብኛል፣ እለፉኝ» አለ። ጨጓራ እንደሌለበት አውቃለሁ። ከእኔ ጋር መጣላቱን ተናግሮ በሰው ፊት እንዳያቆመኝ ነው። ማኅበርተኛው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ጽዋው ወደ እኔ መጣ። እኔም ሳልቀምስ አሳለፍኩ፤ ምክንያቱን ግን አልተናገርኩም። ተነስቼ «ከዚህ ሰው ጋር አስታርቁኝ» ብል ኖሮ በዚያው ቀን ያልቅ ነበር። እንደ ልማዴ ዝም አልኩ። በሚቀጥለው ወር ማኅበሩ ራሱ የለም፤ ሰዉ ወደ አራቱም ማዕዘን ተበትኗል።

ከስምንት ወር በኋላ ፋይሉ ተጣርቶ አንድ ክፍል ቤት ሩቅ ቦታ ደረሳቸው። አራተኛ ፎቅ ነው። ወዳጄ በዚያ ጊዜ የቆየ የስኳር በሽታው ብሶበት ኩላሊቱን ይዞት ነበር። ደረጃ ወጥቶ ገባ፤ ዳግመኛ በእግሩ አልወረደም አሉኝ። ጸጉር ቤትም አልከፈተም። እዚያ ማን ያውቀዋል?

ሁለት ጊዜ ጉዞ ጀምሬ ተመለስኩ። አንዱን ቀን አፍንጮ በር ድረስ ሄጄ፣ የታክሲው ረዳት እየጠራኝ፣ ዞሬ ገባሁ። በሦስተኛው ሄድኩ። ሦስት ታክሲ ነው። ደረጃውን በየፎቁ እያረፍኩ ወጣሁ። በሩን የከፈተልኝ የክርስትና ልጄ ነው። ድሮ «አባቴ» እያለ ጉልበቴን ይስም ነበር። «ይግቡ፣ ጋሼ» አለኝና እሱ ወጣ።

ወዳጄ አልጋው ላይ ነው፤ ጺሙ አድጓል። የሰው ጺም ሲላጭ የኖረ ሰው።

«ፋራው፣ ጠፍተህ እዚህ ደረስክ እንዴ?» አለኝ። ድምፁ ቀጥኗል።

«ጠይቄ ነው የመጣሁት።»

«እኔማ ቁልፉን ከፍተህ ገባህ ብዬ ነበር።»

ሚስቱ ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ወደ በረንዳው ወጣች። እኔ የመጣሁበትን ስናገር ደግሜ እንዳልፈራ ቁጭ ሳልል ነው የተናገርኩት።

«የዋሸሁህ እሺ ያልኩህ ቀን ነው» አልኩት። «ቢሮ የተናገርኩትን አይደለም ይቅር በለኝ የምልህ። ያንን ዛሬም እደግመዋለሁ። እሺ ስልህ እንደማላደርገው እያወቅሁ ነበር።»

ብርድ ልብሱን ወደ ደረቱ ሳበ።

«እምቢ ብትለኝ» አለ፣ «ሁለት ቀን እሰድብህ ነበር። በሦስተኛው ቀን እተወው ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። እኔም እኮ ፈርቼ ነበር። አንተ እሺ ስትል ነው ልቤ የጸናው። እሱ እሺ ካለ እግዜርም አይቆጣም ብዬ።»

ይህን ሲል ተቀመጥኩ። ብዙ ነገር ተብዬ አውቃለሁ፤ እንደዚህ ያለ ግን አልተባልኩም። ሰው ሁሉ «የሚፈራው አለው» የሚልልኝ ስሜ ለወዳጄ የኃጢአት ፈቃድ ሆኖለት ነበር። ያንን የዛገ ብሎን መርጬ ሳስገባ ከጎኔ ቆሞ ያየው እሱ ነው። ጌታ አዎ የምትሉት አዎ፣ አይደለም የምትሉት አይደለም ይሁን ብሎ ያስተማረውን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ለምስክር ወንበር ብቻ ግን ይመስለኝ ነበር። ለበር ላይ፣ ለቆሎ ሣህን፣ ለጓደኛ ፊት መሆኑን አላወቅሁም።

«ይቅር ለእግዚአብሔር በለኝ» አልኩት።

«ብያለሁ።» ትንሽ ተነፈሰ። «በአፌ ብያለሁ። ልቤ ከኋላ ይመጣል፤ አራተኛ ፎቅ ነው፣ እሱም ይደክመዋል።»

እጁን ያዝኩት። አልነጠቀኝም፤ አልጨበጠኝምም። እሑድ ተመልሼ እንደምመጣ፣ ጺሙን እንደምላጭለት ነገርኩት። «አንተ?» አለ፤ «በሞረድ ነው በምን?» ሳቅን። ያ የመጨረሻችን ነው።

እሑድን አልጠበቀም። ሐሙስ ጠዋት ልጁ ደወለልኝ፤ «አባባ አረፈ» ብሎ ዘጋ። በቀብሩ ላይ የድሮው ሰፈር ሰው ከየአቅጣጫው በሦስትና በአራት ታክሲ መጥቶ ተገናኘ። ከሁለቱ ምስክሮች አንደኛው አጠገቤ ቆመና «አትዘን፣ አንተ እውነት ነው የተናገርከው» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው።

እውነቱን የተናገርኩት ለማላውቃት ልጅ ነው። ለወንድሜ ነው የዋሸሁት።

ሠልስቱ ሲያልፍ ሚስቱን ጠየቅኋት። ከሄድኩ በኋላ ስለ እኔ የተናገረው ነገር ነበር ወይ አልኳት። አሰበች፤ ደግ ሴት ናት፣ የሚያጽናናኝ ነገር ብታገኝ ትነግረኝ ነበር። «ስለ አንተ ምንም አላለም» አለች። «ይተኛ ነበር።» አመሰገንኳት። አዛኝ ውሸት ብትዋሸኝ ኖሮ እዚያው አምናት ነበር።

በየማታው ስጸልይ እሱን አነሳለሁ። ልቡ ደርሶ እንደሆነ እጠይቃለሁ። እግዚአብሔር እስካሁን አልነገረኝም፤ እኔም ነገረኝ ብዬ ለማንም አላወራም።