በእናትነሽ ኮምፒውተር የቀረው ምርቃት

ይህን እስካለፈው ሳምንት ድረስ ለማንም አልነገርሁም። ለሚስቴ አልነገርሁም፤ ለነፍስ አባቴም ሌላ ሌላውን እየዘረዘርሁ ይህን እዘለው ነበር። አሁን ለእናንተ የምነግረው ውሸቴን የሰማው ሰው ብዙ ስለሆነ ነው። በአደባባይ የዋሸ ሰው በጓዳ ቢናዘዝ ምን ይረባል?

ስሜ ምንይችል ነው። እንጅባራ ከተማ ውስጥ የፎቶና የቪዲዮ ቤት አለኝ። ተወልጄ ያደግሁት ቡሬ በመሆኑ አዊኛ አልሰማም። ይህን የምነግራችሁ ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም፤ በደሌ የሚጀምረው ከዚያ ስለሆነ ነው።

ሠርግ መቅረጽ የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። ከካሜራው የወጣው ምስል ከባድ ስለሆነ በስልክና በቴሌቪዥን እንዲከፈት ኮምፒውተሩ ጨምቆ መለወጥ አለበት፤ እኛ ሬንደር እንለዋለን። በአንድ ኮምፒውተር ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። መሐል ላይ መብራት ከሄደማ እንደገና ከሀ መጀመር ነው። አንድ ቀን ታዲያ፣ ቪዲዮውን አራት ቦታ ቆርጬ በአራት ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ ባሠራውስ የሚል ሐሳብ መጣልኝ። አዝመራ በደቦ እንደሚታጨድ ማለት ነው፤ ሁሉም የየድርሻውን ይዞ ጎን ለጎን ይሄዳል። ሦስቱ ኮምፒውተሮች የራሴ ነበሩ። አራተኛው በአንድ ግድግዳ የምንዋሰነው የእናትነሽ ነው። እናትነሽ ማመልከቻና ውል እየጻፈች የምትኖር፣ አዊኛውንም አማርኛውንም የምታውቅ ሴት ናት። «ሥራ ፈቶ ከሚውል ተጠቀምበት» ብላ ቁልፏን ሰጠችኝ።

ዘዴው ሠራልኝ። በሱቄ በር ላይ «የዛሬ ሠርግ ለነገ መልስ» ብዬ አስጻፍሁ፤ ሰውም ከዳንግላ፣ ከጥሊሊ ሳይቀር ይመጣልኝ ጀመር። ደቦው ነው የፈጠነው፤ እኔ ግን ራሴ የፈጠንሁ መሰለኝና ተኮፈስሁ።

ከዚያ የአንጓች ሠርግ መጣ። አባቷ አያ ተገኘ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የሚኖሩ፣ የተከበሩ ገበሬ ነበሩ። ሙሽራው በፈረሰኞች ታጅቦ ሲገባ ያየ ሰው ዓይኑን መንቀል አይችልም ነበር። ሽማግሌው ልጃቸውን ሲመርቁ ግን ተቀምጠው፣ በአዊኛ፣ ረጅም ሰዓት ተናገሩ። መሐል ላይ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀና «አሜን» አለ። ምን እንዳሉ ስላልሰማሁ በእኔ የተሳለቁ መስሎኝ ቅር አለኝ።

በማግስቱ ሥራውን አከፋፈልሁ። ፈረሶቹ ያሉበትን ክፍል ለጎበዙ ኮምፒውተር ሰጠሁ፤ ብዙ የሚንቀሳቀስ ምስል ሥራ ያበዛልና። ምርቃቱን ለእናትነሽ አሮጌ ኮምፒውተር ሰጠሁ፤ ተቀምጦ የሚናገር ሰው ለማሽን ቀላል ነው። ቀላልም ቢሆን ግን የእናትነሽ ኮምፒውተር ጊዜውን ይወስዳል። የአንጓች ወንድም ደጄ ላይ ቆሞ፣ «ምነው ምንይችል፣ ድንኳን ሙሉ ሰው እኮ ቪዲዮውን ሊያይ እየጠበቀን ነው!» ይለኛል። ሦስቱ ክፍሎች አልቀዋል። አራተኛው ገና ነው።

አልጠበቅሁም። ደቦ የወጣ ሰው የደካማውን ድርሻ ጥሎ አይሄድም፤ እኔ ጥዬ ሄድሁ። ይህን የሽማግሌ ንግግር ማን ያየዋል አልሁ በልቤ። ማን ያየዋል! እኔ ያልሰማሁት ቋንቋ ሰሚ የሌለው መሰለኝ? ክፍተቱን ፈረሶቹን ደግሜ፣ ዘፈን ጨምሬበት ሞላሁትና ሰጠሁ። ያን ቀን ከሰዓት መብራት ሄደ። የእናትነሽም ኮምፒውተር ሳይጨርስ ጠፍቷል ብዬ ተውሁት፤ ወደ ቤቷ ተሻግሬ እንኳ አላየሁም። ለሚቀጥለው ሠርግ ቦታ እንዲለቅልኝ ብዬ ከካሜራው የወጣውን ዋናውንም ቅጂ ደመሰስሁ።

ዓመት ሳይሞላ አያ ተገኘ ዐረፉ። አንጓች ጥቁር ለብሳ ወደ ሱቄ መጣች።

«ወንድሜ፣ አባቴ ሲመርቀኝ ያለው በሰጠኸን ቪዲዮ ውስጥ የለም፤ እሱን ስጠኝ። ሌላ ድምፁ የለኝም» አለችኝ።

እውነቱን መናገር የምችልበት ቀን ያ ነበር። መብራት ሄዶ ነው እንዳልል፣ ዋናው ቅጂስ የት አለ ትለኛለች። ስለዚህ፣ «የእናትነሽ ኮምፒውተር ቫይረስ ነበረበት፤ ዋናውንም ጨምሮ በላብኝ» አልኋት። እኔ ነኝ ያልሁት፤ ሰይጣን አላስገደደኝም። ለወንድሟም ደገምሁት፤ ለዘመዶቿም ደገምሁት። ቀስ በቀስ የዚያ ቀበሌ ሰው በእናትነሽ በር አልፎ ሌላ ጸሐፊ ዘንድ ይሄድ ጀመር። ወረቀታችንን ትበላብናለች አሉ። እሷ የምታውቀው ነገር የለም። «ሰዉ ምን ሆኖ ይሆን የራቀኝ?» ስትለኝ፣ «ኑሮው ከብዶ ነው እንጂ» እያልሁ አጽናናት ነበር። በሯን የዘጋሁት እኔ፣ አጽናኟም እኔ!

እንዲህ ሆኜ ዓመታት ኖርሁ። ባለፈው ሳምንት እናትነሽ ሌላ ኮምፒውተር ገዛችና ከአሮጌው ያለውን እንዳዛውርላት ጠራችኝ። ፋይሎቿን ሳገላብጥ እኔው ያወጣሁለትን ስም አየሁ፤ «አራተኛ ክፍል» ይላል። ብከፍተው አያ ተገኘ ከእነ ጋቢያቸው ተቀምጠዋል። ለካ መብራቱ የሄደው ሥራው ካለቀ በኋላ ኖሯል።

«እሱን እንዳታጠፋብኝ!» አለች ከኋላዬ። «የራስህን ቅጂ ወስደሃል ብዬ ነው ያልነገርሁህ። ምርቃት መደምሰስ ከበደኝና ለራሴ አስቀረሁት። ገበያ የሌለ ቀን እሰማዋለሁ።»

ገበያ የሌለ ቀን! ያን ቀን ያመጣባት ማን ሆነና? አንድ ጊዜ ብጠይቃት ኖሮ ድምፁ በማግስቱ በተገኘ ነበር። ግን እንዴት ልጠይቃት? ውሸቴ አፌን ይዞታል።

እናትነሽ እየሰማች ተረጐመችልኝ። ስለ ልጆች፣ ስለ ከብት፣ በጊዜው ስለሚወርድ ዝናብ መርቀዋል። ከዚያ ሰው ሁሉ ወደ ካሜራው ዞሮ የሳቀበት ቦታ ደረሰ።

«እዚህ ላይ ምን ብለው ነው?» አልኋት።

«አንተን እኮ ነው! ‹ያ ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ የዋለው ልጅ እህል ቀምሷል? አብሉት እንጂ። ደጁ ሰው አይጣ› ነው ያሉት። አታውቅም ነበር?»

ደጄ ሰው አላጣም። ያን ሁሉ ዓመት ሠርገኛ ሲጋፋበት ከርሟል። ደጇ ሰው ያጣባት ግን አጠገቤ ቆማ ነበርና እዚያው ወድቄ ሁሉንም ነገርኋት። ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ ነጠላዋን አንሥታ፣ «ተነሥ» አለችኝ። «የእኔ ይቆይ፤ መጀመሪያ ለልጅቱ እናድርስላት። በዋሸህበት አፍህ፣ በዋሸሃቸው ሰዎች ፊት ትናገራለህ።»

በባጃጅ ሄደን፣ መንገዱ ሲያልቅ በእግር ቀጠልን። አንጓች ያባቷን ቤት ይዛ ትኖራለች፤ ልጅ ወልዳለች። ወንድሟና ጎረቤቶቿ ተጠሩ። እኔም ቆሜ ተናገርሁ፤ አልጠበቅሁም፣ ደመሰስሁ፣ ዋሸሁ፣ በእናትነሽ ላይ አላከክሁ አልሁ። ወንድሟ፣ «አንተ ሰው ነህ?» ብሎ ብድግ ሲል ያስቀመጠችው እናትነሽ ናት። አንጓች ስታለቅስ ቆየችና ይቅርታ ልለምናት ጎንበስ ስል በእጇ ከለከለችኝ።

«እሱን ሌላ ቀን ትጠይቀኛለህ። ዛሬ አባቴን ልስማ» አለች።

ወጥቼ ደጁ ላይ ተቀመጥሁ። ከውስጥ ሰዎቹ እናትነሽን «ነይ እዚህ፣ ካጠገባችን» እያሉ ቦታ ሲለቁላት ይሰማኛል። ከዚያ የአያ ተገኘ ድምፅ ጀመረ። አንዲት ቃል ሳታመልጠኝ፣ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ያ ቦታ ሲደርስ እንደዚያን ቀን ሳቁና «አሜን» አሉ። እኔ ግን አፌን አልከፈትሁም። ሰበብ የለኝም፤ በአዊኛ መርቀውኝ በአማርኛ ዋሽቻለሁ። አንጓች ‹ሌላ ቀን› እንዳለችኝ ተመልሼ እሄዳለሁ፤ እሷና እናትነሽ ይቅር ካሉኝ የእኔን አሜን ያን ጊዜ እላለሁ።