አልሞቅ ያለው የአማት ክፍል

ደብረ ታቦር ውስጥ ቧንቧ የፈነዳበት ሰው ሁሉ ደረጄን ያውቀዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር ድምፁ ከአፉ የማይወጣ ሰው ነው። ከቧንቧ ጋር ግን ያወራል፤ ፒንሳውን ይዞ ተንበርክኮ «ምነው? ምን ሆነህ ነው?» ይለዋል። ጎረቤቱ ስለሆንኩ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

ሙያውን የተማረው መንገድ ይሠራ በነበረ ድርጅት ካምፕ ውስጥ ነው። የውጭ አገር መሐንዲሶቹ የሚያድሩባቸው ቤቶች በሙቅ ውሃ ነበር የሚሞቁት። በግድግዳው ግርጌ ወለሉን ታክኮ የሚሄድ ቧንቧ አለ፤ ቧንቧው ላይ ስስ ቆርቆሮዎች ተደርድረዋል፤ ከላይ ላሜራ ይሸፍነዋል። ሙቅ ውሃ ሲያልፍበት ቤቱ ይሞቃል። ካምፑ ሲፈርስ ደረጄ ያን ሁሉ ማሞቂያ ለቃቅሞ ቤቱ አመጣው። ሚስቱ ዘነበች «ይሄን ሁሉ ብረት የት ልናደርገው ነው?» ብትለው «ለእናትሽ ነው» አላት።

እናቷ ወይዘሮ የሻረግ ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት ጉና ሥር ነው። ገብስ ዘርተው፣ በግ አርብተው፣ ልጆቻቸውን ድረው፣ ባላቸውንም ቀብረው፣ ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው በልጃቸው ጉትጎታ ወደ ከተማ ወረዱ። ደረጄ የጉናን ብርድ ያውቀዋል፤ ለሠርጉ ሄዶ ያደረ ጊዜ አጥንቱ ድረስ ዘልቆት ነበር። እዚያ የኖሩ ሴት እሱ ቤት መጥተው እንዲበርዳቸው አልፈለገም። ጓሮው ውስጥ በባሕር ዛፍ የሚነድ የውሃ ማፍያ በርሜል ሠራ፣ ውሃውን የሚገፋ ትንሽ ፓምፕ ገጠመ፣ ቧንቧውን ከወለሉ ሥር እያሳለፈ በየክፍሉ አዞረ። ማታ ማታ እሳቱን ያቀጣጥላል። ሳሎኑ ሞቀ፣ የልጆቹም ክፍል ሞቀ። የአማቱ ክፍል ግን አልሞቅ አለ።

ነገሩን ያከበደው ይሉኝታ ነው። እሱም አንቱ ይላቸዋል፣ እሳቸውም አንቱ ይሉታል። እሱ ሲገባ ብድግ ሊሉ ይቃጣቸዋል፤ እሱ ደግሞ እንዳይነሡበት ብሎ በር ላይ ይቆማል። ማታ ክፍላቸው ገብቶ ማሞቂያውን መዳሰስ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ዘነበች ደኅና እደሪ ልትል ስትገባ ትነካውና ተመልሳ «በረዶ ነው» ትለዋለች።

«ሌሊት በረደዎት?» ይላቸዋል ጠዋት።

«ኧረ ደኅና ነኝ። አንቱ ብቻ አይድከሙ።»

እሱ ይህን የወሰደው እየበረዳቸው እንደሚደብቁት አድርጎ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱለት ጠብቆ ሥራውን ጀመረ። መጀመሪያ የጠረጠረው አየር ነው፤ ቧንቧ ውስጥ አየር ከታሰረ ውሃውን አላሳልፍ ይላል። ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን በካቻቢቴ ላላ ሲያደርጋት ያለ ምንም ፉጨት ውሃ ወጣ። አየር የለም ማለት ነው። ላሜራውን አንሥቶ በቆርቆሮዎቹ መካከል የተሰገሰገውን አቧራና ከአጎዛቸው የረገፈ የበግ ፀጉር በብሩሽ አራገፈ። ሙቀቱን ጋርዶ እንደሆነ ብሎ የልብስ ሳጥናቸውን ፈቀቅ አደረገው። ክፍሉ ውስጥ ማሞቂያው ጫፍ ላይ የገጠማት የውሃ መዝጊያም ክፍት ናት። በቀን እሳት አንድዶ ቢሞክረው ቧንቧው እጅ አላስነካ አለ። ደስ ብሎት ወጣ።

ማታ ዘነበች ገባችና «በረዶ ነው» አለችው።

እንዲህ እያለ ሳምንት አለፈ። ሰውየው ከሳ። ቀን የሚሞቅ ማታ የሚበርድ ማሞቂያ አይቶ አያውቅም። በመጨረሻ፣ ማታ ክፍሎቹ ሁሉ ተከፍተው ውሃውን ሲሻሙት ለዚህኛው የሚደርሰው አንሶ ነው፣ ከወለሉ ሥር ያለው ቧንቧ በዝገት ጠቦ መሆን አለበት ብሎ ቈረጠ። መሮና መዶሻ ይዞ ገባ። አልጋውን ገፍቶ፣ ሲሚንቶውን ሊፈነቅል መሮውን እንደ ደገነ ወይዘሮ የሻረግ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው በሩ ላይ ቆሙ።

«ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ወለሉን ልከፍተው ነው። ከሥር ሳይደፈን አይቀርም።»

ወይዘሮ የሻረግ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ «ተው ልጄ» አሉት፤ «ተው፣ አታፍርሰው። እኔ ነኝ የምዘጋው።»

ደረጄ መዶሻውን አስቀመጠ። ዘነበችን ካገባ ጀምሮ አንተ ብለውት አያውቁም።

«ስትገጥማት በር ላይ ቆሜ አይቼሃለሁ። ማታ ይቺን መዝጊያ አጠብቃታለሁ። ጠዋት አንተ ሳታይ እመልሳታለሁ።»

«ለምን?»

«ያፍነኛላ። ላቤ ይንቆረቆራል። እኔ እኮ ጉና ነው ያደግሁት፤ መስኮቱን ገርበብ አድርጌ ጋቢዬን ስከናነብ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ምን ብዬ ልንገርህ? ለእኔ ብለህ ወለል ለወለል ስትንፏቀቅ እያየሁ አልፈልገውም ልበልህ?»

ደረጄ መሬት ላይ እንደ ተቀመጠ ሳቀ። ሳቁ ጓሮ ድረስ ተሰምቶ ዘነበች እጇን እየጠረገች መጣች። ነገሩን ስትሰማ ተቆጣች። «ለእኔ እንኳ አትነግሪኝም፣ እማዬ?»

«ላንቺ ብነግርሽ ሳይመሽ ትነግሪዋለሽ።»

ደረጄ ያን ጊዜ ነው ማሞቂያውን ሲሠራ ያልጠየቃቸውን የጠየቃቸው፤ «እውነቱን ይንገሩኝ፣ ምን ይሻልዎታል?»

ትንሽ አሰቡና «ለኪዳን ስነሣ ጉልበቴ ይተሳሰርብኛል፤ ያኔ ትንሽ ሙቀት ባገኝ» አሉት።

በዚህ ተስማሙ። መዝጊያዋ ለእጃቸው ጠጣር ስለነበረች ረዘም ያለ እጀታ በየደላት፤ እሳቱንም ጎሕ ሳይቀድ እየተነሣ ማቀጣጠል ጀመረ። ወይዘሮ የሻረግ ሲነሡ ራሳቸው ይከፍቷታል፤ ጉልበታቸው እስኪፍታታ እግራቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ፤ ሲወጡ ዘግተው ይሄዳሉ።

ከእሳቸው በኩል አንቱታው ከዚያ ቀን ወዲህ ቀረ። ደረጄ እስከ ዛሬ አንቱ ይላቸዋል፤ ግን በር ላይ መቆሙን ትቷል። ማለዳ እንጨቱን ከጨማመረ በኋላ ገብቶ ሳጥናቸው ላይ ቁጭ ይላል። አንድ ቀን ጠዋት በአጥሩ በኩል ሳልፍ፣ ዘነበች በልጅነቷ ከበግ ጠቦት ጋር ተቃቅፋ ተኝታ አገሩ ሁሉ ጠፋች ብሎ ሲፈልጋት እንደዋለ እየነገሩት ነበር።

«እማዬ፣ እሱን ደግሞ ምን አመጣው?» አለች ዘነበች ከማድ ቤት።

«አንቺ እንጀራሽን ጋግሪ» አሏት፤ «እኔ ከልጄ ጋር ነው የማወራው።»