አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ የቆመበት እሁድ

ባለፈው እሁድ አምቦ ካለው ቤተ ክርስቲያናችን ስንወጣ፣ አጠገቤ ቆማ የነበረች ልጅ «እህቴ፣ ክንድሽን ያምሻል እንዴ? በጸሎት ሰዓት አጥፈሽ ወደ ጎን አውጥተሽው ነበር» አለችኝ። ለካ ልማዱ አልለቀቀኝም። «አይ፣ ደህና ነኝ» አልኳት። አባቴን ለማታውቅ ልጅ መንገድ ላይ ቆሜ ምን ልበላት?

አባቴ ገመቹ ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ነበር። ዓይኑ ከመርፌው ሳይነሳ እግሩ የስፌት መኪናውን መርገጫ በራሱ ጊዜ ይረግጣል፤ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርቴን ያጠናሁት ያን ድምፅ እየሰማሁ ነው። በዚያ ክረምት ግን ትኩሳት ብዙ ቀን አስተኝቶት ሲነሳ፣ እግሩ መርገጫውን መሳት ጀመረ። ወደ እግሩ ሲያይ ስፌቱ ይጣመማል፤ ወደ ስፌቱ ሲያይ እግሩ ይጠፋበታል። ጉልበቱ ግን እንዳለ ነበር፤ ሲጨብጠኝ እጄን ያመኛል። እኛም «ሰነፍክ» እያልን እንቀልድበት ነበር።

በእኛ በፕሮቴስታንቶቹ ዘንድ ሲጸለይ ተቁሞ፣ ዓይን ተጨፍኖ፣ እጅ ተነስቶ ነው። አንድ እሁድ መሪው «ዓይናችንን እንጨፍን» ሲል አባቴ እጁን አነሳ፣ ጨፈነ፣ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። ምዕመኑ «ሃሌ ሉያ!» አለ። መንፈስ ነካው ብለው ደስ አላቸው። በሚቀጥለው እሁድ ሲደግመው ደስታው ቀዘቀዘ። በኋላ ክፉ መንፈስ ነው ተባለና ከበው ጸለዩለት። ሽማግሌው ታደሰ፣ የአባቴ የልብ ወዳጅ፣ «ወንድም ገመቹ፣ የደበቅከው ነገር ካለ ተናገር» አለው። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ይወዱት ነበር። አባቴ ግን ቤት ገብቶ አለቀሰ።

«እግዚአብሔር ፊት መቆም እንኳ ተከለከልኩ?» አለኝ።

ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። አዲስ ዓለም ላይ ሚኒባሱ ሲቆም ትኩስ የበቆሎ ጥብስ ገዛሁለት። ዝናብ የጠገበውን ማሳ በመስኮት እያየ ሊገምጥ ሲል በቆሎው ጉንጩን መታው። ሳቀ። ከዚያ በቆሎውን በዓይኑ እየተከተለ ወደ አፉ አመጣና በላ። በቆሎው እስኪያልቅ ማሳውን መልሶ አላየም።

ሐኪሙ አስተኝቶ ዓይኑን አስጨፈነውና የእግሩን አውራ ጣት ይዞ «አባቴ፣ አሁን ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች?» አለው።

አባቴ ብዙ አሰበ። «ይዘኸዋል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

ሐኪሙ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። የጡንቻ ሥራ መሳብና ማንሳት ብቻ አይደለም። ምን ያህል እንደተለጠጠ፣ በምን ፍጥነት እንደተለጠጠ ለአንጎል የሚያወሩ ረቂቅ አካላት በውስጡ አሉ። በጨለማ አፍንጫችንን ለማከክ እጃችን የማይሳሳተው በእነሱ ነው። የአባቴ ጡንቻ ደህና ነው፤ የተጎዳው ወሬውን የሚያደርሰው ነርቭ ነው። የመዳሰስ ስሜቱም አብሮ ደንዝዟል። ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው አሁን ዓይኑ ብቻ ነው።

«ይመለስለታል?» አልኩት።

«እግሩን እያየ መራመድ ይለምዳል» አለና አቀረቀረ።

ታደሰ ይህን ሲሰማ እየተሳቀቀ ይቅርታ ጠየቀ። አባቴ እዚያው ይቅር አለው፤ እኔ ግን ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ወዲያ በየእሁዱ በግራዬ እያቆምኩት ክንዴን አጥፌ ብብቱ ሥር አስገባለሁ፤ እሱም ዓይኑን ይጨፍናል። ብዙ ዓመት እንዲህ ጸለይን።

ሊሞት አካባቢ፣ አንድ እሁድ፣ ጆሮዬ ሥር «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዛሬ ልቀቂኝ። ብቻዬን ልቁም» አለኝ። ፈራሁ። ቢሆንም ክንዴን ከብብቱ አወጣሁ። ጨፈነ፣ እጁን አነሳ። ወዲያው ወደ እኔ ማዘንበል ጀመረ፤ ክንዴን መልሼ ስሰድ ክብደቱ ሁሉ እላዬ ላይ አረፈ። እሱ ግን አላወቀም። ፊቱ በርቶ ነበር።

«ቆሜያለሁ አይደል?» አለኝ።

«አዎ አባዬ፣ ቆመሃል።»

ዛሬም መሪው ዓይናችንን እንጨፍን ሲል እጨፍናለሁ። ሳላይ ክንዴ የት እንዳለ አውቃለሁ፤ ታጥፎ፣ ትንሽ ወደ ጎን ወጥቶ፣ ሰው ይጠብቃል። የእኔ ጡንቻ ወሬውን ማድረስ አልተወም፤ በየእሁዱ ክንዴ ላይ ማንም እንደሌለ ይነግረኛል።