መቆም ያስተማረን ሰው

ሽመክት በዛብህ ሁለት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን በሁለት እጁ እንደያዘ መንገድ መሃል ደርቆ ሲቆም ያየ እንግዳ፣ ሰውየውን ወገቡን የያዘው ይመስለዋል። ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ የእኛን ሰፈር የሚያውቅ ግን ሰዓቱን ያያል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው፤ ከግንቡ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ሰንደቅ ዓላማ እየሰቀለ ነው ማለት ነው። መዝሙሩ እስኪያልቅ ሽመክት ጀሪካኖቹን መሬት አያስቀምጥም።

"ለምን አታሳርፋቸውም?" ብዬ ጠይቄው ነበር አንድ ቀን።

"ለማሳረፍ ጎንበስ ማለት አለብኝ" አለኝ።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሁርሶ ጦር ማሠልጠኛ ገብቶ ሠልጥኗል፤ ሰባት ዓመት በውትድርና አገልግሎ ተመልሷል። አሁን አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የስፌት ማሽን ይጠግናል። አላገባም። አንዲት ክፍል ቤት፣ አንድ የመሣሪያ ሳጥንና አንድ ካባ አለው።

ካባው የመጣው የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። የሰንደቅ ዓላማ ቀን ሲከበር ትምህርት ቤቱ ለልጆቹ ጭውውት የሚሠራ ሰው ፈለገ። ሽመክት ከፋብሪካው ቁርጥራጭ ጨርቅ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ለቅሞ ካባ ሰፋ፤ አጥሩ ላይ ወጥቶ ልጆቹ መሃል ዘለለ። በዚያው "ሱፐር ሽመክት" ሆኖ ቀረ። ጭውውቱ በግማሽ ሰዓት አለቀ። እሱ ግን ካባውን አላወለቀም። የቧንቧው ውሃ በጠፋ ቁጥር ያንን ካባ አጥልቆ ለአቅመ ደካሞች ውሃ ያመላልሳል። በኖራ የተደፈነ ቧንቧ ይከፍታል። ጎረቤታችን ኻድራ ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ባጃጅ ውስጥ ምጥ ሲያጣድፋት ካባው መጋረጃ ሆነ፤ ልጅቷ ከሦስቱ ቀለማት ጀርባ ተወለደች። አንድ ፖሊስ "ባንዲራ ነው እንዴ የለበስከው?" ብሎ ሲያፈጥበት፣ ሽመክት ተደናግጦ "ኧረ ባንዲራ አይለበስም ጌታዬ! ቀለሙን ነው የተዋስኩት" አለው።

መጀመሪያ በመዝሙሩ ሰዓት የሚቆመው ብቻውን ነበር። ባጃጅ ነጂው አብዲቃድር ከኋላው ክላክስ እየነፋ "ዋሪያ ሱፐር! መንገድ ልቀቅ አቦ፣ ሰው ጭኛለሁ!" ይል ነበር። አንድ ጠዋት ሽመክት መዝሙሩ ሲያልቅ ወደ ባጃጁ መጥቶ፣ "አብዲ፣ እናትህን ሦስተኛ ፎቅ ድረስ አዝዬ ሳወጣ አልቸኮልኩብህም። አንዲት ደቂቃ አብረኸኝ ቁም" አለው። ሌላ አልተናገረውም። ከዚያ በኋላ አብዲቃድር ሞተሩን አጥፍቶ ወርዶ መቆም ጀመረ። ተሳፋሪዎቹም ወረዱ። በሯ ላይ ሳምቡሳ የምትጠብሰው ዚነትም ማውጫዋን እንደያዘች ትቆማለች፤ "በዚህ ሰውዬ ምክንያት ስንቱን ሳምቡሳ አሳረርኩ ወላሂ!" እያለች። አንድ ሰው ብቻውን በመቆም አንድ ሰፈር ሊያቆም እንደሚችል ከመጽሐፍ አልተማርኩም፤ ከቤቴ በር ላይ አየሁት።

ባለፈው ግንቦት ሽመክት መተኛት አቆመ። መጀመሪያ በትጋቱ ተገረምን። ገና ጎህ ሳይቀድ ቧንቧ ይጠግናል። በሦስተኛው ቀን ያልተበላሹ ቧንቧዎችን ይፈታ ጀመር። ፋብሪካው "ዕረፍ" ብሎ ወደ ቤቱ መለሰው። ንግግሩ ፈጠነ፤ አንዱን ሐሳብ ሳይጨርስ ሌላው ላይ ይዘላል። "ደክሞት ነው" አልን። እሱ ለእኛ ሲደክም እንጂ ራሱ ሲደክም አይተን ስለማናውቅ፣ ድካሙ ምን እንደሚመስል የምናውቅበት ነገር አልነበረንም።

በአምስተኛው ቀን ነገሩ ፈነዳ። ስምንት ሰዓት ነበር፤ ሙቀቱ ቆርቆሮ የሚያስጮህበት፣ ድሬ በሯን ዘግታ የምትጋደምበት ሰዓት። በሮቻችን በተራ ተደበደቡ።

"ውጡ! ፀሐይ ልትወድቅ ነው! ሰፈሩን አስለቅቃለሁ! ሁሉም ወደ ተራራው!"

ወንዶቹ ሽርጣቸውን እያጠበቁ ወጡ። ሽመክት ካባውን ለብሷል፤ ዓይኑ ቀልቷል፤ የሰፈሩን ጀሪካን ሁሉ ሰብስቦ እንደ ሠራዊት ደርድሮታል። ጀርባው ላይ ደግሞ እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ነበሩ። እማማ የባቡር ሠራተኛ የነበሩት ባላቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሰማንያ ያለፋቸው ጎረቤታችን ናቸው።

"ልጄ፣ አውርደኝ!" ይላሉ አንገቱን አቅፈው። "ሽሮዬን ጥጄ ነው የመጣሁት!"

"ሽሮው ይቅር እናቴ! አገር ይተርፋል!"

ሊይዙት ከቀረቡት ሦስት ጎረምሶች አንዱን በትከሻው፣ ሁለቱን በክንዱ ገፍትሮ ጣላቸው። ከዚያ እማማን እንዳዘለ ወደ አስፋልቱ ሮጠ። አስፋልቱ ሲሚንቶ የጫኑ ሲኖትራኮች የሚከንፉበት ነው፤ እሱ ግን የሚያየው መኪና አልነበረም፤ የሚያየው ተራራውን ብቻ ነበር። እየጮህን ተከተልነው። ሃምሳ እርምጃ ሲቀረው እማማ ከጀርባው ላይ ሆነው፣ ጆሮው ሥር፣ በተሰነጠቀ ድምፅ መዝሙሩን ጀመሩ። በየጠዋቱ ከግንቡ ማዶ ሲሰሙ ያጠኑት ነው።

ሽመክት ቆመ።

መጀመሪያ እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ እማማን አወረዳቸው። ከዚያ እጁን ከጎኑ አጣብቆ ደረቱን ነፋ። ዚነት ተቀበለች፤ ሁላችንም ተቀበልን። አሁን የምነግራችሁን ሳስበው ዛሬም መሳቅ እጀምርና ያቅተኛል፦ ማንም ሊይዘው አልሄደም። ሁላችንም ቆመን ነበር! ሃያ ምናምን ሰው፣ ግማሹ በሽርጥ፣ በባዶ እግሩ በጋለ አፈር ላይ፣ እጁን ከጎኑ አጣብቆ። መቆም ያስተማረን እሱ ነው፤ አስተምሮም ጨርሶናል። መዝሙሩ አለቀ። ሽመክት ራሱን በአክብሮት ነቅንቆ፣ "ጎበዞች! አሁን እንሂድ፣ ጊዜ የለንም" ብሎ እማማን መልሶ ሊያዝል ጎንበስ አለ።

"ድገሙት!" ብላ ጮኸች ዚነት። "ድገሙትና አንድ ሰው ይንቀሳቀስ አቦ! አብዲ፣ አንተ!"

"ለምን እኔ?"

"ሌላ ማን አለ? በል!"

እንደገና ጀመርን። ሽመክት እንደገና ቆመ። አብዲቃድር ከመሃላችን ወጥቶ ሄደ፤ በመዝሙር መሃል የአንድ ሰው ነጠላ ጫማ ድምፅ እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። ከጀርባው ደርሶ ካባውን ሳበ፤ ሁለቱን ክንዶቹን በራሱ ካባ ጠፍሮ ቋጠረ። ያ ሦስት ሰው የጣለ ጉልበት አልተወራጨም። በመዝሙር ሰዓት አይንቀሳቀሱማ። በመዝሙር ሰዓት አይናገሩማ። ዓይኑን ብቻ ወደ አብዲቃድር አዞረ፤ ከቀላው ዓይኑ እንባ ወረደ።

እኛ ደግሞ ቋጠሮው እንደጠበቀ ዘፈናችንን አቁመን "ያዘው! ያዘው!" እያልን ተረባረብን። መዝሙሩን ከመሃል አቋረጥነው።

አብዲቃድር በራሱ ባጃጅ ሆስፒታል አደረሰው። ሐኪሙ "በሽታ ነው፤ ይታከማል። ከዚህ በኋላ እንቅልፉን ጠብቁለት" አለ። እማማ ጠበል ይዘው ሄዱ፤ ዚነት ቁርአን የተቀራበት ውሃ ይዛ ሄደች። ነርሷ ሁለቱንም ጠርሙስ አይታ "ኪኒኑን ይዋጥበት እንጂ የፈለገውን ይጠጣ" አለች።

ከአርባ ቀን በኋላ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ክረምት ስለሆነ ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፤ የሚቆምለት ነገር የለም። እሱም አይወጣም። ኪኒኑን ይውጣል፤ ይተኛል። ምግብ ስንወስድለት ያመሰግናል፤ ዓይናችንን ግን አያይም። አብዲቃድር ፓፓያ ይዞ አንኳኳ። በሩ ገርበብ አለ።

"አብዲ።"

"አቤት ሽሜ።"

"ለምን አልጨረሳችሁትም?"

በሩ ተዘጋ። አብዲቃድር ፓፓያውን ታቅፎ ባጃጁ ውስጥ ተቀመጠና ሞተሩን ሳያስነሳ ቆየ። "ለምን አሰርከኝ ቢለኝ መልስ ነበረኝ" አለን። "ለደህንነትህ ነው እለው ነበር። እሱ ግን ማሰሬን አይደለም የጠየቀኝ።"

ገባኝ፤ ሲገባኝም ፊቴ ጋለ። ያ ሰው አእምሮው ሁሉ ሲፈርስ አንድ ምሰሶ ቀርቶት ነበር፤ መዝሙሩ። እኛ ያንን ምሰሶ ማሰሪያ አደረግነው፤ ሥራችን ሲያልቅ ወርውረነው ሄድን። ያመነበት ነገር ለእኛ ወጥመድ ብቻ እንደነበረ በገዛ ዓይኑ አየ። ከዚህ በኋላ ምን ብሎ ካባ ያጠልቃል? ለማን ውሃ ይሸከማል?

በሐምሌ አጋማሽ ውሃ ጠፋ። በዘጠነኛው ቀን እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ዚነት በር ላይ፣ ባዶ ጀሪካናቸው ላይ ተቀምጠው፣ "ውሃው ሲመጣ ይምጣ" አሉ። "ሰውየውን ግን ግማሽ ላይ ጥለነዋል። ተነሱ፣ እንጨርስለት።"

በዚያው ቀን ስምንት ሰዓት ሽመክት በር ፊት ተሰበሰብን፤ እማማ ባዶ ጀሪካናቸውን እንደያዙ። ወዲያው ክርክር ተነሳ።

"ከመጀመሪያው እንጀምር" አለ አብዲቃድር።

"ከመጀመሪያው ከሆነማ ሌላ መዝሙር ነው" አለች ዚነት። "ዕዳችን የቀረው ነው። የት ነበር ያቆምነው?"

"እኔ እጁን ስይዝ…"

"አንተ መች ዘፈንክ! አንተ ሌባ ያዥ ነበርክ!"

"ወላሂ ዚኑ፣ አንቺው ልከሽኝ አሁን ትከጂኛለሽ?"

"ዝም በሉ!" አሉ እማማ። "እናንተ ስትሯሯጡ እኔ መሬት ተቀምጬ ወደ ላይ እያየሁት ነበር። መዝሙሩ የት እንደቆመ የማውቀው እኔ ነኝ።" ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ከዚያው ከተቋረጠበት ቃል ቀጥሎ ካለው ጀመሩ።

ከመሃል የሚጀምር መዝሙር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ጣሪያ የሌለው ቤት ላይ ጣሪያ ብቻ ይዞ እንደመምጣት ነው። ግን ገጠመ። ሁለተኛውን ስንኝ ሳንጨርስ በሩ ተከፈተ። ሽመክት ከስቷል፤ በሽርጥና በካናቴራ ነው። ደፉ ላይ ቆመ። ከመድኃኒቱ የተነሳ እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ከጎኑ ሊያጣብቃቸው ሲሞክር ጭኑ ላይ እየተመቱ ትንሽ ድምፅ ያሰማሉ። ሌላው አካሉ ግን ቀጥ ብሏል። አብዲቃድር ፊት ለፊቱ ቆሞ ነበር፤ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ሲገባ እንኳ አልጠረገውም። እስከ መጨረሻው ቃል ዘለቅን።

ካለቀም በኋላ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ማን ይቅደም?

ሽመክት ወደ ውስጥ ተመለሰ። በሩን አልዘጋውም። ሲወጣ ካባውን ይዟል፤ ነርሷ ሳትፈታው አሾልካ ያወጣችው ነውና ቋጠሮው እንዳለ ነበር፤ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ለአብዲቃድር አቀበለው።

"አንተ ነህ ያሰርከው፤ አንተ ፍታው።"

አብዲቃድር በጣቱ ሞከረ። በጥርሱ ሞከረ። የባጃጁን ቁልፍ አስገብቶ ሞከረ።

"ይሄ ምን ዓይነት ቋጠሮ ነው?" አለ ሽመክት። "ሁርሶ ብትሆን ለዚህ ሥራህ አፈር ላይ ያንከባልሉህ ነበር።"

"ፈርቼ ነው ያሰርኩት አቦ!"

"ያስታውቃል።" ደፉ ላይ ተቀመጠ፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ወደ እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ዞሮ፣ ከሆስፒታል ከተመለሰ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን አየ።

"እማማ፣ የዚያን ቀን ሽሮው አረረ?"

"ከነሸክላው!" አሉ እማማ።

"በሉ" አለ፣ ጀሪካናቸውን ወደ ራሱ እየሳበ፤ "አብዲ ካባዬን ፈትቶ እስኪጨርስ ይሄ እኔ ጋ ይቆይ።"